በደሴቲቱ በር አይንኳኳም

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሰው በማያውቀው አገር መሽቶበት ከሰው ደጅ ሲቆም፣ አስቀድሞ የሚያወጣው እጁን ነው ድምፁን?

እጁን አልክ? አንተ ባለ መነጽሩ? ጎሽ። እንግዲያው ቀረብ በል፤ ይህ ታሪክ ላንተ ነው።

መብራቱን አትጠብቁ፤ እስከ ነገ ረፋድ አይመጣም። ጄኔሬተሩም ናፍጣ የለውም። ዩኒቨርሲቲው «እትዬ ሽታዬ፣ ለእንግዶቹ የጉዞና የማረፊያ ምክር ይስጡልን» ብሎኛል። በየዓመቱ ለጉባኤ የሚመጣ ሰው አለ፤ በየዓመቱም እኔን አምጥተው ፊቱ ያስቀምጡኛል። ወረቀቱን ሰጥተዋችኋል አይደል? ጀልባው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ይላል። አጎበር ዘርጉ ይላል። ያልፈላ ውኃ አትጠጡ ይላል። ደኅና ወረቀት ነው፤ ባለ ቀለም ነው። እኔ የምነግራችሁ ወረቀቱ ያልነገራችሁን ነው።

«ተረት ሊነግሩን ነው» ብላ የሳቀችው ማናት? አይ ልጄ፣ ተረት እንዳልል በረት የሚሞላ ላም የለኝም፤ እዚህ ያለው ዓሣና ጉማሬ ነው። እኔ «አላችሁ?» ስል እናንተ «አለን» በሉ፤ ሌላ አልፈልግም።

አላችሁ?

ከኋላ ያላችሁት ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ። እንዲህ ነው።

የዛሬ አርባ ስድስት ዓመት ነው። ነሐሴ ማለቂያ ላይ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። ጨረቃ የለም። ዝናቡ ለአፍታ አቁሞ ትንፋሹን ይሰበስባል። አንድ ሰው ከታንኳ መውረጃው ወደ መንደሩ በምታወጣው ቀጭን መንገድ ብቻውን ይሄዳል። መንገዷን ታውቋታላችሁ፤ ዛሬ ሻንጣ እየጎተታችሁ ስትረግሟት የዋላችሁት እሷን ነው። ያኔ ድንጋይ እንኳ አልተነጠፈባትም። በግራ ደንገል ነው። በቀኝ ደንገል ነው። ከደንገሉ ወዲያ ሐይቅ ነው። ሰው የለም። ውሻ የለም። ሰውየው ብቻውን ነው።

ማነው ሰውየው? አያልሰው ይባላል። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ከደጋ የመጣ የሂሳብ አስተማሪ ነው። ቁጥር አይፈራም፤ ውኃ ግን ይፈራል። ያኔ ይህ ዩኒቨርሲቲ ሦስት የቆርቆሮ ቤትና አንድ ደወል ያለው ኮሌጅ ነበር። ኮሌጁ ለአስተማሪነት ሊፈትነው ጠርቶታል። ፈተናው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ደወሉ ሲደወል ካልተገኘ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ያንን ሌሊት ከደሴቲቱ ላይ፣ ከጣሪያ ሥር ማደር አለበት። አንድ አልጋ ነው የሚፈልገው። አንድ መደብ። ያም ከጠፋ ከብት የሚያድርበት ጥግ።

የመጣው ለሥራው ብቻ ነው? ይህን ከእኔ በላይ የሚመልስላችሁ የለም። አይደለም።

ኮሌጁ ውስጥ ደብዳቤ የምትተይብ የደሴቲቱ ልጅ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ምላሷ ስለታም ነው፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ሳይቀር። እኔ ነኝ። እርስ በርሳችሁ አትተያዩ፤ እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ያውቃል።

አራት ወር ተጻጻፍን። ተያይተን አናውቅም። የመጀመሪያው ደብዳቤው «ለክቡር ዲን» ይላል። ሁለተኛው «ለጽሕፈት ቤቱ» ይላል። ሦስተኛው «ለወይዘሪት ሽታዬ» አለ። አራተኛው ላይ «ሽታዬ» ብቻ ቀረ። ጥያቄውም አያልቅ። አልጋው ትኋን አለው? ታንኳ ከመገልበጡ በፊት ምልክት ይሰጣል? የሐይቁ ጥልቀት በመጽሐፍ እንደተጻፈው ነው ወይስ ከዚያ ይቀንሳል? በመጨረሻ ደግሞ ምን ብሎ ቢጽፍልኝ ጥሩ ነው? «ጉማሬ የተማረ ሰው ይለያል ወይ?» አለኝ። ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። በሳቅ ነው የተያዝሁት። ሌላው ሰው በዓይን ነው ይላሉ፤ እኔ እንጃ።

አላችሁ?

እሺ። በዚያው ሰሞን ዲኑ አቶ ገበየሁ ጠራኝ። «ሽታዬ፣ ለሚመጡት እንግዶች የጉዞና የማረፊያ ምክር ጻፊ» አለኝ። «ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ። ወረቀት አልቆብናል።»

ጻፍሁ። ጀልባው ከቀኑ በአሥር ሰዓት ይነሣል። ያመለጠው ከማዶ ይደር። ወፍራም ልብስ ይያዝ። የእንግዳ ቤት ስላልተሠራ ማረፊያው ከመንደሩ ሰው ጋር ነው። እንዲህ እንዲህ እያልሁ ወረድሁ። የአያልሰውን ቅጂ ስተይብ ከገጹ ግርጌ አንድ መስመር ቀረኝ። አንድ መስመር ብቻ። ልጽፍ የፈለግሁት ደግሞ ሁለት ነገር ነበር።

አንደኛው የደሴቲቱ ሕግ ነው። እዚህ በር አይንኳኳም። ለምን? ሐይቁ ሰው ይወስዳል። የሰመጠ ሰው በሌሊት ወደ መንደር ይመለሳል ይባላል፤ ግን አፉን ውኃ ስለሞላው አይጣራም፣ አይናገርም። ያለው እጁ ብቻ ነው። ስለዚህ የሰመጠ ሰው ያንኳኳል። በሕይወት ያለ ሰው ከበሩ አሥር እርምጃ ርቆ ይቆምና ይጣራል። «ቤቶች፣ እገሌ ነኝ፣ የእገሌ ልጅ፣ መሽቶብኝ ነው» ይላል። ያኔ በሩ ይከፈታል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል። ካንኳኳ ግን ኩራዙ ይጠፋል። «ማነህ?» ተብሎ እንኳ አይጠየቅም፤ የሰመጠን ሰው ካናገሩት ድምፅን ይዞ ይሄዳልና።

ይህን ልጽፍ ጣቴን አነሣሁ። ከዚያ ተውሁት። ይህን የማያውቅ ማን አለ? አልሁ። እኔ እዚህ ተወልጄ እዚህ ያደግሁ ነኝ፤ በር የሚያንኳኳ ሰው አይቼ አላውቅም። ውኃ ያረጥባል ብሎ የሚጽፍ አለ?

ሁለተኛው ነገር ቀልድ ነበር። በዚያች በቀረችው መስመር ላይ እንዲህ ብዬ ተየብሁ፦ «ጉማሬ የተማረ ሰው አይለይም፤ ለፍላፊ ግን ይጠላል፤ ዝም ብለህ ና።»

ቀልዱን መረጥሁ። ሰማችሁ?

የተጠራበት ቀን ደረሰ። አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ጀልባው በሰዓቱ ሄደ። «ያመለጠው ከማዶ ይደር» ብዬ ጽፌለታለሁ፤ ግን ነገ ጠዋት ደወል አለ። ደግሞም ሽታዬ አለች። አንድ ታንኳ ቀዛፊ ለምኖ ተሻገረ። ሐይቁን ሙሉ ትንፍሽ አላለም አሉ፤ ቀዛፊው በኋላ «ዲዳ ነው የመሰለኝ» ብሎ ነገረኝ። ሲወርድ እግሩ ስቶ እስከ ወገቡ ውኃ ገባ። ቀዛፊው ነፋሱን ፈርቶ ወዲያው ተመለሰ። አያልሰው ያለችውን አንድ ሱፍ እንደለበሰ ረጥቦ፣ በዚያች መንገድ ወጣ። ዝናቡም ትንፋሹን ሰብስቦ ጨረሰና እንደገና ጀመረ።

ከመጀመሪያው ቤት ደረሰ። ምን አደረገ? ባለ መነጽሩ፣ አንተ ንገራቸው።

አንኳኳ። አዎ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሦስት ጊዜ፣ በቀስታ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ኩራዙ ጠፋ።

ሁለተኛው ቤት ሄደ። አንኳኳ። ባልና ሚስቱ ከውስጥ ተንሾካሾኩ።

«ማነው?» አለች ሚስት።

«አምና የሰመጠው አጎትሽ ነው» አለ ባል።

«አጎቴማ በቁሙም ሰዓት አያውቅ» አለችና ብርድ ልብሱን ተከናነበች።

ሦስተኛው ቤት። አራተኛው። አምስተኛው። ስድስተኛው። በየቤቱ ሦስት ጊዜ፣ በቀስታ። በየቤቱ ኩራዙ ጠፋ። ከኋላው መንደሩ አንድ በአንድ ሲጨልም አስቡት። ምን መስሎት ይሆን? የደሴት ሰው ክፉ ነው ብሎ ይሆናል። አንድ ጊዜ አፉን ቢከፍት፣ ቢያስነጥስ እንኳ፣ ስድስቱም በር ይከፈት ነበር። እሱ ግን ዝም ብለህ ና ተብሏል።

ሰባተኛው ቤት የኛ ነበር።

አልተኛሁም። ቀሚሴን ተኩሼ ምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ጀልባው ባዶውን እንደመጣ አውቃለሁ፤ ከማዶ አድሯል ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ። ከዚያ ሰማሁት። ሦስት ጊዜ። በቀስታ። እናቴ ኩራዙን እፍ አለችና የእጄን አንጓ ያዘች። እናቴን አንጓች ነው የሚሏት፤ የዓሣ መረብ ስትጎትት የኖረች ናት፤ ከያዘች አትለቅም።

«እማዬ፣ እንግዳው ቢሆንስ?» አልኋት በጆሮዋ።

«እንግዳ አፍ የለውም?»

«የደጋ ሰው ነው። ባያውቅስ?»

«ወረቀቱን የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም? ጽፈሽለት የለም?»

ምን ልበላት? መስመሯ ላይ ቀልድ እንደጻፍሁ አልነገርኋትም።

«አባትሽ ነው» አለችኝ። «ዘንድሮም መጣ።»

አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት መረብ ሊያወጣ ወጥቶ አልተመለሰም። አስከሬኑም አልተገኘም። እናቴ አባቴን ትወደው ነበር፤ ስለምትወደውም ትፈራው ነበር። «ከከፈትሽለት አንቺን ይዞ ይሄዳል» አለች። አለቀሰች። እጄን ግን አልለቀቀችም።

ደግሞ አንኳኳ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ እርምጃው ራቀ። ጫማው ውኃ ይዞ ጭቅ ጭቅ ይል ነበር። የሰመጠ ሰው ጫማ እንዲያ ይላል። የራሰ ሰው ጫማም እንዲያ ይላል።

አላችሁ?

ምነው ቀስ አላችሁ?

ከዚህ በኋላ ያለውን ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት። መንደሩ አለቀበት። ቁልቁል ተመለሰ። ከታች፣ ከደንገሉ ዘንድ፣ መብራት አየ። ሲመጣ እዚያ ቤት አላየም ነበር፤ ጨልሞ ነው ያልታየኝ ብሎ አሰበ። ተጠጋ። ትንሽ የሣር ቤት ናት። ደጃፏ ላይ ውሻ ታስሯል። ውሻው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ይከፍታል፣ ይዘጋል። ድምፅ የለውም። አርጅቷል አለ አያልሰው። የተማረ ሰው ለሁሉም ነገር ምክንያት አያጣም።

እጁን ለማንኳኳት አነሣ። ሳይነካው በሩ ተከፈተ።

ውስጥ እሳት ይነዳል። ከእሳቱ አጠገብ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ተቀምጧል። በእጁ «ግባ» አለው። በእጁ «ተቀመጥ» አለው። አያልሰው ተቀመጠና እጁን ወደ እሳቱ ዘረጋ። እሳቱ ያበራል። አይሞቅም። ጠጋ አለ። አይሞቅም። ሽማግሌው መንቀጥቀጡን አየና ጋቢውን አውልቆ ደረበለት። ጋቢው እንደ ጭቃ ይከብዳል፤ ከሱፉ ይልቅ ርጥብ ነው። አያልሰው ጨዋ ነው፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ያኔ አንደበቱ ተፈታ። ሽማግሌው አይናገርም፤ እሱ ግን አወራ። ስለ አውቶቡሱ አወራ። ስለ ሂሳብ አወራ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ፣ ያወራል። ከዚያች ወሬ ቅንጣቷን ውጭ ቢናገራት ኖሮ ሰባት በር ይከፈትለት ነበር። ስለ እኔ አወራ። «ሽታዬ የምትባል ልጅ አለች፤ አላየኋትም፤ ግን ታስቀኛለች» አለው። ሽማግሌው ስሜን ሲሰማ ፈገግ አለና ዓይኑን በግራ እጁ ጠረገ። አውራ ጣቱ የለም።

ሊነጋጋ ሲል አያልሰው «አባቴ፣ እስካሁን ስምዎን አልነገሩኝም» አለው።

ሽማግሌው ሊነግረው አፉን ከፈተ። ውኃ ወጣ። ዝም ብሎ ወጣ። ከአፉ በደረቱ፣ ከደረቱ በወለሉ። አላባራም። እግራቸውን ሸፈነ፣ መደቡን ሸፈነ፣ እሳቱን ሸፈነ። እሳቱ ከውኃው ሥር ሆኖ መንደዱን አልተወም።

ሲነጋ ዓሣ አጥማጆች አገኙት። ደንገል መሐል፣ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እንዴት አገኙት? ያወራ ነበር። ድምፁን ሰምተው ነው። ቤት የለም። እሳት የለም። ትከሻው ላይ የሐይቅ አረም ተደርቧል።

በኮሌጁ ክሊኒክ ሦስት ቀን ተኛ። ሳንባው ተይዟል አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያየነው እዚያ ነው። የተተኮሰውን ቀሚስ ለብሼ ሄድሁ። ሁሉንም ነገረኝ።

«አውራ ጣቱ የለም ያልኸው የትኛው እጁ ነው?» አልሁት።

«ግራው።»

«አባቴ ነው።»

«ደግ ሰው ናቸው» አለኝ። «የለበሱትን ነው የሰጡኝ።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ሽታዬ፣ በር እንደማይንኳኳ ለምን አልጻፍሽልኝም?»

«ሁሉም ያውቀዋል ብዬ።»

«ሁሉም ማነው?»

አርባ ስድስት ዓመት አሰብሁበት።

«ዝም ብለህ ና አልሽኝ፤ ዝም ብዬ መጣሁ» አለና ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

እኔም በጥር ከአገር ወጣሁ። ካርቱም ሁለት ዓመት፣ ከዚያ ባሕር ማዶ አንድ ብርዳም ከተማ ሠላሳ ሰባት ዓመት። መጻሕፍት ቤት ነው የሠራሁት። በአራት ቋንቋ የመናፍስት ታሪክ አንብቤያለሁ። የነሱ ሙታን ሰንሰለት ይጎትታሉ፣ ይጮኻሉ፣ ግድግዳ ያልፋሉ። ለበረደው ሰው ጋቢውን ያወለቀ አንድም አላነበብሁም። ስመለስ እናቴ የለችም፣ ዲኑ የለም። የእንግዳ ቤት ተሠርቶ ቁልፉን ለኔ ሰጡኝ። በየዓመቱ «ያችን መስመር ወረቀቱ ላይ ጨምሩልኝ» እላለሁ። በየዓመቱ «እትዬ፣ ይህን የማያውቅ ማን አለ?» ይሉኛል። ይስቃሉ። ቦታ የለም ይላሉ። የናንተም ወረቀት አንድ ገጽ ነው።

ምክሬ ይኸው ነው። በዚያች መንገድ በምሽት ብቻችሁን አትሂዱ። ከሄዳችሁ ዝም አትበሉ። ደጅ ከደረሳችሁ ራቅ ብላችሁ ተጣሩ። ሳታንኳኩ የሚከፈትላችሁ ቤት ካያችሁ ደግሞ አትግቡ፤ ባለቤቱም ደግ ቢሆን።

አላችሁ?

ቆዩ። ዝም በሉ።

ሰማችሁ?

ሦስት ጊዜ ነው። በቀስታ።

ባለ መነጽሩ፣ ለበሩ ቅርብ ነህ፤ ክፈት። ምን ታየኛለህ? እኔ አሥራ አራት አልጋ አንጥፌያለሁ፤ እናንተ አሥራ ሦስት ናችሁ። አንድ ጓደኛችን አውቶቡስ አምልጦት ነገ ይመጣል ብላችሁኛል። እስከ ነገ መጠበቅ ካላስቻለውና ታንኳ ለምኖ ከተሻገረስ? እሱም ያንን ወረቀት ነው የያዘው።

አንተ አትነሣም? አንቺስ፣ ስትስቂ የነበርሽው? ከኋላ ያላችሁትስ? «ማነው» የሚል እንኳ ጠፋ?

ደግሞ አንኳኳ።

ይገርማል። እኔን የደሴት ልጅ ለማድረግ ሃያ ዓመት ፈጅቷል፤ እናንተ በአንድ ሰዓት ሆናችሁ።

ተዉት፤ እኔ እሄዳለሁ። ጉልበቴ ዝግ ያለ ነው። መንገድ ልቀቁልኝ።

ሄዷል። ደፉ ላይ ውኃ አለ። የጫማ ዱካ አለ፤ አዲስ ነው፤ ቁልቁል ይወርዳል። ኑ፣ እዩ። ከታች፣ ከደንገሉ ዘንድ፣ መብራቱ ይታያችኋል? ዛሬ ቀን በዚያ ነው ያለፋችሁት። ቤት አያችሁ? እኔም አላየሁም።

ስሙ ማነው ጓደኛችሁ? ናሁሠናይ? ረዥም ነው፤ ለመጥራት ይመቻል። ተነሡ። አንድም ሰው ብቻውን አይሂድ። ስሙን እየጠራችሁ ውረዱ፣ እስኪመልስላችሁ አታቋርጡ።

ምን አልከኝ፣ ባለ መነጽሩ? ይቅርታ?

እኔን አትጠይቀኝ። ገጽ የቆጠበውን ዲን አልማርሁም። እጄን የያዘችኝን እናቴን አልማርሁም። ስድስቱን ቤት አልማርሁም። ከሁሉም ቀድሞ በሩን የከፈተውን አባቴን አልማርሁም፤ እሱ ባይከፍት ያ ወጣት ተመልሶ ከአንዱ ደጅ ላይ አንደበቱን ይፈታ ነበር። ጉሮሮ እያለው በጣቱ የመጣውን አያልሰውንም አልማርሁም። ቀልዱን የመረጠችውንማ አታንሣት። እናንተም ሁለት ጊዜ ሲያንኳኳ ሰምታችኋል። ሰውየውን ይዛችሁ ብትመለሱ ደስ ይለኛል፤ አልጋውም ተነጥፏል። ይቅር ግን አልላችሁም። ማንንም አልልም።